የሰባት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር

ሰውየው ከጦሩ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የዱቄት ፋብሪካ መኪና ሲነዳ ኖረ። በጦሩ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር ለጠየቀው ሁሉ «መኪና ነዳሁ» ይላል፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቃል አይተነፍስም።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን የእሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለታለች። የባሏን ታሪክ የሰማችውም ከባሏ ሳይሆን ከድሮ ጓደኞቹ ነው። ሊጠይቁት በመጡ ቁጥር «ሰባት ቁጥር» እያሉ ይጠሩታል፤ ይነዳት በነበረችው አምቡላንስ ቁጥር መሆኑ ነው። እሱ ውሃ ሊቀዳ ወይ በር ሊከፍት ብድግ ሲል ጠብቀው፣ ተኩስ በሚወርድበት ሸለቆ እየተመላለሰ ቁስለኛ እንዴት እንዳወጣ ያጫውቷታል። ሁለት ሜዳይ እንደታዘዘለት የነገሯትም እነሱ ናቸው። ሜዳዮቹ ግን የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል።

ዓመታት ሄዱ። ባልየው ጉልበቱ እየከዳው ከወንበር ሲነሳ ጠረጴዛ መያዝ ጀመረ። ይኼኔ ሚስትየው ቆረጠች።

«ሜዳዮችህን ገና ቆመህ መቀበል በምትችልበት ጊዜ ትቀበላለህ» አለችው።

«ተይኝ እስቲ። ሥራዬ ነበር።»

«እኔም ቀሚስ መስፋት ሥራዬ ነው። ያማረ እንደሆነ ግን ማን ሰፋው ተብሎ ይጠየቃል።»

መልሱን ሳትጠብቅ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ወደ ጦሩ መዝገብ ቤት ሄደች።

መዝገብ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ፤ ከላይ ያለው ፋይል የሚወርደው በመሰላል ነው። ሠራተኛዋ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ወጣት ናት። የሰውየውን ማኅደር አውጥታ ገለጠችው። ለመግለጥም አልደከመችም፤ ማኅደሩ ከሲታ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ሾፌር ነበሩ ነው የሚለው። ሽልማት የሚባል የለም።»

«የሰባት ቁጥር አምቡላንስንስ አይተሻል?»

«እኔ የሰው ማኅደር ነው የያዝኩት።»

«የመኪናዋንም የሚይዝ ሰው አይጠፋም፣ ልጄ። እሱን አሳዪኝ።»

እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። ሠራተኛዋ መጀመሪያ ለመገላገል ያህል፣ በኋላ ግን እሷንም እልህ ይዟት ፈለገች። በመጨረሻ የመኪናዋ ፋይል ከተወገዱ ተሽከርካሪዎች ፋይል መካከል ተገኘ፤ ከሰውየው ማኅደር ይልቅ የመኪናዋ ይወፍራል። ጉዱም ያኔ ወጣ። ሰውየው በነበረበት የጦር ክፍል ሾፌሮች ከመኪና ወደ መኪና ስለሚቀያየሩ፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉን ነገር በመኪና ቁጥር የመመዝገብ ልማድ ነበራቸው። ነዳጁም፣ ጉዞውም፣ የተጫኑት ቁስለኞች ስምም በሰባት ቁጥር ተጽፏል። አዛዡም ሽልማቱን ያዘዙት «ለሰባት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር» ብለው ነው፤ በጊዜው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረምና ስም አላስፈለጋቸውም። ትእዛዙ በመኪናዋ ፋይል ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ ስትወገድ አብሯት ተወገደ። ሁለት ሜዳይ የተሸለመች መኪና ለቆርቆሮ ተሸጣለች ማለት ነው።

«ሾፌሯ እሳቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገናል» አለች ሠራተኛዋ፤ የባልየውንም ማኅደር እንደገና አገላበጠች። ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ አንድ የቅጣት ማስታወሻ ተለጥፏል። ሰውየው የሰባት ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ሳለ ከመኪናዋ ዕቃ አንድ መፍቻ ስላጠፋ ከደመወዙ ይቆረጥ ይላል። ስሙ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል፤ ቀኑም ሽልማቱ በታዘዘበት ወር ላይ ያርፋል።

ሚስትየው ሳቅና ንዴት አንድ ላይ መጡባት። «ሙገሳው ለመኪናዋ፣ ቅጣቱ ለባሌ» አለች። «እንኳንም መፍቻዋን ጣላት።»

ሠራተኛዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የቀረው ምስክር ብቻ ነበር። በመኪናዋ ፋይል ውስጥ ከተጻፉት ቁስለኞች አንዱ እዚያው ከተማ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ሆኖ ተገኘ።

በቀጠሮው ቀን ሚስትየው ባሏን በልመናም በቁጣም አሳምና፣ ራሷ የሰፋችውን ኮት አልብሳ ይዛው መጣች። አናጺው ቀድሟቸው ደርሷል። አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ አለ።

«ሾፌሩን በመልክ ያስታውሷቸዋል?» ብላ ጠየቀችው ሠራተኛዋ።

«የለም። ዓይኔ በፋሻ ታስሮ ነበር። ግን ሾፌሩ የሚነዳው መንገዱን እየነገረን ነው። ጉድጓድ መጣ፣ ያዙ፤ አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ይላል። እኛም ቁስላችን እንዳይነካ ቀድመን እንዘጋጃለን። ከዚያ ወዲህ ስንት መኪና ተሳፈርኩ፤ እንደዚያ የሚነዳ ሰው ግን አልገጠመኝም።»

ሚስትየው አላስጨረሰችውም። «ዛሬም ስንመጣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰውዬ ጉድጓድ መጣ፣ ያዝ ሲል ነበር። ስንት ዘመን ሲያሳፍረኝ ኖሯል» አለች። ይህን ስትል ግን ፊቷ ላይ ከኩራት በቀር ሌላ ነገር አልነበረም።

ሠራተኛዋ የታረመውን ማኅደር ሰውየው ፊት አስቀመጠች። ሁለቱ ሜዳዮች በስሙ ገብተዋል፤ ከሸለቆው ያወጣቸው ሰዎች ዝርዝርም ተያይዟል። እንዲፈርም ብዕር ሰጠችው። እሱ ግን መነጽሩን አደረገና ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንድ ስም ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

«ልጄ፣ ይሄን ሰርዢው። ይሄ ልጅ ሳንደርስ መንገድ ላይ ነው ያረፈው። አላዳንኩትም።» ቀጥሎም፣ «ብፈጥን ኖሮ ይደርስ ነበር። ለሌሎቹ ቁስል ብዬ ነው ቀስ ያልኩት» አለ።

ሚስትየው ደነገጠች። «ሥራዬ ነበር» እያለ ሽልማቱን የሸሸው በዚህ ምክንያት እንደነበር ገና አሁን ገባት። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻው መሸከሙ አንጀቷን በላው።

አናጺው ወንበሩን ስቦ ቀረበ። «ጋሼ፣ ልጁ የተኛው ከጎኔ ነበር፤ እጄን እንደያዘ ነው ያለፈው። ከዳንኩ በኋላ እናቱን ፈልጌ አገኘኋቸው፣ እስካሁንም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። እዚያ ሸለቆ የቀሩት ልጆች እናቶች ዛሬም በር በር ያያሉ። እሳቸው ግን ልጃቸውን አልቅሰው ቀብረዋል። እርስዎ ስላመጡት ነው።»

ሰውየው ጣቱን ከስሙ ላይ ሳያነሳ ቆየ።

«እናቱ አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው በሽልማቱ ቀን እሳቸውን ያምጡልኝ» አለና ምንም ሳይሰርዝ ፈረመ።

ሽልማቱ በሚሰጥበት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሚስትየው ከፊት ረድፍ ተቀምጣ፣ የባሏን የኮት ክር ከሩቅ በዓይኗ ስታስተካክል ነበር። አናጺው አንዲት አሮጊት ደግፎ ዘግየት ብሎ ገባና ከሚስትየው አጠገብ ባገኘው ባዶ ወንበር አስቀመጣቸው፤ ለማስተዋወቅ እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ የሰውየው ስም እየተጠራ ነው። ሰውየው ማንም ሳይደግፈው ተነስቶ ሄደ። ሁለቱ ሜዳዮች ደረቱ ላይ እስኪደረጉ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አሮጊቷ ወደ ጎን ዘንበል ብለው የማያውቋትን ሴት በክንዳቸው ነካ አደረጓት። «አየሽው? ልጄን ያመጣልኝ ሾፌር እሱ ነው» አሏት።

«አየሁት፣ እናቴ» አለች ሚስትየው።