ወላቃዋ ካሴት

ከኮምፒውተሩ በስህተት ያጠፋሁትን የሰርጓን ፎቶ ልጄ ስትፈልግልኝ፣ «አይዞሽ እማዬ፣ ሌላ ነገር ካልተጫነበት ይመለሳል» አለችኝ። ይቺን ስትለኝ ሐሳቤ ጎፋ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ሄደ።

በደርግ ጊዜ ነው። የዘመተው ታላቅ ወንድሜ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በጓደኛው እጅ ላከልን። «አንቺ ወላቃ፣ ጥርስሽ በቀለ?» ይለኛል። «ካሴቷንም እንዳንቺ ወላቃ አድርጌያታለሁ፤ ማንም አይቀዳባትም።» እውነትም ከጀርባዋ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸዋል። ቀጥሎ ስለ ጦርነቱ ያየውን ሲናገር አባባ ቶሎ ብሎ ድምፁን ይቀንሰዋል።

ቀበሌ ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው ተብሎ በተወራ ማግስት፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ቴፑን ብከፍተው የሬዲዮ ማርሽ ብቻ!

«አባባ፣ ወንድሜስ?»

«ዜና ልቀዳ ስል በስህተት ጠፋ፣ ልጄ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ድምፅም ያሳስራል» አለች። ያኔ አልገባኝም። ካሴቷን ሳወጣት ግን የተሰበሩት ጥርሶች ቦታ ላይ ወረቀት ተጠቅጥቋል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ቴፑ አይቀዳም፤ ወረቀት ደግሞ በስህተት አይጠቀጠቅም። አባቴ ዋሸኝ።

ወንድሜ ከዘመተበት አልተመለሰም። አባባም ያቺን «በስህተት» ያላትን ቃል እስከ መጨረሻው መልሶ አላነሳትም።

«ተገኘ!» አለች ልጄ። ፎቶው ላይ አባባ ከሙሽራዋ ጎን ቆሞ ይስቃል። ስንቴ ስስመው የኖርኩት ፊት ነው። ፎቶውስ ጠፍቶ ተመለሰ፤ «አንቺ ወላቃ» የሚለኝን የወንድሜን ድምፅ ግን አባባ በገዛ እጁ ወስዶብኛል።