አባቴ የገመደው ገመድ

የተወጠረ ገመድ በነፋስ ሲጥ ሲጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር የያዝሁትን ሥራ ትቼ ቀጥ እላለሁ። መንዝ ባደግሁበት ቤት ደጃፍ ይህ ድምፅ አይጠፋም ነበር።

ቤታችን የሣር ክዳን ስለነበር አባቴ የሶላር መብራታችንን ሰሌዳ በረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ አስሮ፣ ምሰሶውን በአራት ማዕዘን ከጓሳ ሣር በተገመደ ገመድ ወጥሮ አቁሞት ነበር። ክረምቱ ገመዱን ያበሰብሰው፣ በረዶው ሽቦውን ይበጥሰው ነበርና፣ መስከረም ሲጠባ አባቴ መሰላል አስደግፎ ወጥቶ ሽቦውን ይቀጥል፣ ገመዱንም በአዲስ ይለውጥ ነበር። እናቴ ከታች ቆማ በሥላሴ ስም ታማትብ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የጋራችን የሣር መሬት ጓሳ ተዘግቶ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም አገሩ ተስማምቶ ሲዘጋው ለዓመታት ማንም አያጭድም። እናቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አባቴ ልጁ በመብራት እንዲወለድ ቸኩሏል። ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣

«ወርቁ፣ አንዲት እቅፍ ብታጭድ ጓሳ መላጣ ይሆናል ብለህ ነው?» አሉት።

«ሁሉም አንዳንድ እቅፍ ካጨደማ ይሆናል እንጂ!» አለ አባቴ እየሳቀ። «ቃል ሰጥተናል ደምሴ። ሲከፈት እናጭዳለን።»

ሞላሌ ገበያ ሄዶ የናይለን ገመድ እስኪገዛም አልታገሠም። አሮጌውን ገመድ ፈትቶ፣ ደህና ደህናውን መርጦ፣ መልሶ ገመደው።

ወጥቶ ሽቦውን ሲቀጥል ቤት ውስጥ አምፖሉ ቦግ አለ። «በራ!» ብዬ ጮኽሁ። ከላይ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ወዲያው ነፋስ መጣ፤ አንደኛው ገመድ ተበጠሰና ምሰሶውም፣ መሰላሉም፣ አባቴም አብረው ወደቁ። በቃሬዛ ተሸክመውት ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፈ።

ኅዳር ላይ ወንድሜ በኩራዝ ብርሃን ተወለደ። እናቴ ታቅፋው «ተመስገን» አለች። ከዓመታት በኋላ ጓሳ ሲከፈት የአባቴን ድርሻ ለእኛ ሰጡን። ጋሼ ደምሴ ሣሩን አጭደው አምጥተው ደጃፋችን ላይ አወረዱ፤ ቀና ብለው ሳያዩን ሄዱ።

ዛሬ ልጆቼ በጣታቸው ነክተው መብራት ያበራሉ፤ ስለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ። የመብራት ሠራተኛ ወገቡን በቀበቶ አስሮ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ካየሁ ግን ከመንገዱ ዳር እቆማለሁ።

«እማዬ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?» ይሉኛል ልጆቼ።

አላውቀውም። እስኪወርድ ግን እጠብቀዋለሁ።