ሸዋረጋ ችግር መናገር ስታስተምር

የእህቴን የሸዋረጋን ማረፍ የሰማሁት ሞላሌ ገበያ ውስጥ ነው። የሸመንኩትን የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናዬን፣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ከአንድ ገዢ ጋር ስነጋገር ስልኬ ጠራ። ልጇ ትሕትና ነበረች፤ እናቷን ለማስታመም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከርማለች። «ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። የምቀመጥበት አልነበረም፤ ቆሜ ሰማሁት። ገዢው ነገሩ ገብቶት ባናውን ራሱ አጣጥፎ ሰጠኝ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ትሕትና ስለ እናቷ እንድጽፍላት ለመነችኝ። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሸመንኩት ሸዋረጋ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ነው። ስሟ ሲነሣ ግን አገሩ የሚስቀው በራዲዮው ነገር ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ከመንደራችን ከጥድ አምባ ወደ ገበያ ለመሄድ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ፈታዮቹ ጠጉራቸውን ይዘው ከዳር ይመለሳሉ። ምጥ የያዛት ሴትም እንዲሁ። መንግሥት የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ነው ተባለ፤ የት እንደሚሠራ ግን አልተቆረጠም ነበር። ከእኛ በታች በወንዙ ዳር ያሉት ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው «በእኛ በኩል ይሁን» እያሉ ይመላለሱ ጀመር። መሪያቸው ባለወፍጮው ደመላሽ ነው፤ አፉ የማይደክም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው።

በዚህ መሐል አንዲት ጋዜጠኛ ከራዲዮ ጣቢያ መጣች። ገና ከደጅ ሳለች ድምፅ መቅጃዋን ዘርግታ «ምን ችግር አለባችሁ?» ብላ ጠየቀች። በእኛ ዘንድ ደግሞ እህል ላልቀመሰ እንግዳ ችግር አይነገርም፤ ነውር ነው። ጌታነሽ የምትባለው ፈታይ «ምን ችግር አለ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው። ይልቅ ግቢና ጠላ ቅመሺ» አለቻት። ሌሎቻችንም እንደዚያው አልን። ልጅቷ በልታ፣ ጠጥታ፣ ተመርቃ ሄደች። ደመላሽ ግን እነሱ ዘንድ ስትደርስ ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ የሰፈሩን መከራ ዘረገፈላት።

እሁድ ዕለት ራዲዮ ከበን ተቀመጥን። የገዛ ድምፃችንን ስንሰማ እልል አልን። ቀጥሎ ጋዜጠኛዋ «የጥድ አምባ ነዋሪዎች ምንም የጎደለባቸው ነገር እንደሌለ ገልጸዋል» አለች። ያኔም ሳቅን። ሳቁ የቆመው ድልድዩ ወደ ታች ሊወሰድ መሆኑን ስንሰማ ነው። ሽማግሌዎች ሄደው ቢጠይቁ የወረዳው ኃላፊ «ሕዝቡ ራሱ በራዲዮ ተናግሯል» አላቸው።

መንደሩ ጋዜጠኛዋን ያማ ጀመር። ሸዋረጋ ግን «ልጅቷ ምን ታድርግ? ያልነውን ነው ያወራችው። የዋሸነው እኛ ነን» አለች። ከዚያም ትሕትናን አስደውላ አድማጮች በሚናገሩበት ሰዓት ገባች።

«ሸዋረጋ ነኝ፣ ከጥድ አምባ። ባለፈው ደህና ነን ያልናችሁ እንግዳ ስለሆናችሁ ነው። ደህና አይደለንም። ተመለሱና እውነቱን እንንገራችሁ።»

አቅራቢው ሳቁ አላናግር አለው። ያ ንግግር በየስልኩ ተላለፈ፤ አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች መልሰው ለእኛው ላኩልን። ጣቢያውም ጋዜጠኛዋን እልካለሁ አለ።

እስክትመጣ ሸዋረጋ ፈታዮቹን ሰብስባ ታለማምዳቸው ነበር። እንዝርቷን እንደ ድምፅ መቅጃ አፋቸው ሥር ትደቅናለች።

«ምን ችግር አለባችሁ፣ እማማ?»

«ኧረ ምንም፣ የኔ ልጅ» ትላለች ጌታነሽ።

«ወድቀሻል፤ ተቀመጪ።»

«አፌ እምቢ አለኝ እኮ። እንግዳ ፊት እንዴት እንዲህ ይባላል?»

«ባልሽን በምታሚበት አፍ ተናገሪ። ያ አፍሽ መቼም ሰነፍ አይደለም።»

በቀጠሮው ቀን ሸዋረጋ ችግሩ ሳይነገር ምግብ እንዳይቀርብ አዘዘች። ጌታነሽ መቅጃው ሲዞርላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብላ ጀመረች። ሸዋረጋ ዓይኗን ስታፈጥባት «ወንዙ እስኪሞላ ድረስ» ብላ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ስለ ምጡ ተናገሩ፣ ገበያ ሳይደርስ ስለሚረጥበው ጠጉር ተናገሩ፤ አንዷማ የባሏን ማንኮራፋት አነሣች።

«እሱን መንግሥትም አይችለው» አለቻት ሸዋረጋ።

ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ኃላፊው ነገሩን እንደገና አየዋለሁ አለ፤ የደመላሽ ኮሚቴ ግን ተቃወመ። ሸዋረጋ እኔን አስከትላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄደች።

«ደመላሽ፣ ክረምት ላይ ወፍጮህ ለምን ሥራ ይፈታል?»

«ሰዉ እህል ስለሚጨርስ ነዋ፣ እትዬ።»

«አስፈጪዎችህ እኛ ነን። እህሉ አለን፤ ወንዙ ይዞን ነው።»

ደመላሽ የልብሱን ዱቄት አራገፈ። «ታዲያ ይኼን ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«አንተ መቼ ሰው እንዲናገር ፋታ ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ከሁሉ በፊት የሳቀው እሱ ነው። በሳምንቱ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ወረዳ ገብተው ድልድዩ በእኛ በኩል እንዲሠራ ጠየቁ፤ ተፈቀደም። የተመረቀ ቀን ደመላሽ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ስለረዘመ ሰዉ ተሻግሮ፣ ተመልሶ፣ ጠላውን ሲጀምር እሱ ገና አልጨረሰም ነበር። ሸዋረጋ የጠጉር ሸክሟን አዝላ መሐል ድልድዩ ላይ ቆማ ወደ ታች ወደ ውሃው ታይ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

ከዚያ ወዲህ ጥድ አምባ የመጣ እንግዳ ወንበር ሳይሳብለት ችግር ይነገረዋል። አሁንማ አንዳንዱ ባለሥልጣን እኛን ሲያይ መንገድ ይቀይራል ይባላል።

ገንዘቡ አልበቃ ብሎ የድልድዩ መደገፊያ ብረት የተሠራው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሸዋረጋ ስለዚህም ራዲዮ ላይ ተናግራ፣ ኃላፊው ድረስ ሄዳ፣ ይሠራል የሚል መልስ ይዛ ተመልሳ ነበር። ከዚያ ታመመች። ኃላፊው ተቀይሯል፤ አዲሱን ሄዶ ያነጋገረ ሰው የለም። የግራው ጎን መደገፊያ እስካሁን አልተሠራም።