ከግቢ የማይወጣው ጠመንጃ

ጥሩሰውን ያየ ሰው ዱዳ ይመስለዋል። ዱዳ እንኳ አይደለም፤ ቃል ይቆጥባል። እኔ የሺወርቅ ደግሞ ምኑንም መቆጠብ አልችልበትም፣ ስለዚህ የእሱን ነገር የምናገረው እኔ ነኝ።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ነው። የፊቱን ቤት እኔና ልጄ ሚልካ ይዘናል፤ ለድግስና ለቢሮዎች ምግብ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ጥሩሰው ተከራይቶኛል። አናጢ ነው። በርና አልጋ ይሠራል፣ ለቤተ ክርስቲያናችን መቋሚያና ከበሮ የሚያበጀውም እሱ ነው። ሚስቱ ዘመናይ ልጃቸውን ቤቲን በሆዷ እንደያዘች ነው በስደተኞች ፕሮግራም ካናዳ የሄደችው። የእሱ ፋይል ወደ ኋላ ቀረ። ቤቲ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ጀምራለች፤ አባቷን የምታውቀው ግን በስልክ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቃለ መጠይቁም የጤና ምርመራውም አለቀና ስልክህን ጠብቅ ተባለ። አንድ ማስጠንቀቂያም ተጨመረለት፤ ከፖሊስ ጋር ምንም ነገር እንዳትነካካ፣ ክስ ከተከፈተብህ ጉዳይህ ያበቃል አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ኑሮውን ይኖራል። ጥሩሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ ራሱን አሰረ። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ፖሊስ ቢያስቆመኝስ እያለ ከበሩ አይወጣም። ፓርክላንድስ ሰፈር መጥተህ በር ግጠምልን ሲሉት ልኩን ላኩልኝ ይላል። ዳቦውን እንኳ የምትገዛለት ሚልካ ናት። ስንት ጊዜ ተቆጣሁት መሰላችሁ! ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ሚልካ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከአማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ሥራዋ ጌም ነው። በሌላ ፕላኔት ላይ ወታደሮች የሚዋጉበት፣ ክፍል አንድ ክፍል ሁለት እየተባለ የሚወጣ ጌም አለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንዱም አላመለጣት። መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች የጌም ሰዎችን ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ዝግጅት ነበርና፣ እሷ አልሞ ተኳሿን ሆኜ እቀርባለሁ አለች። ጥሩሩን ከስፖንጅ ሠራችው። የቸገራት ጠመንጃው ነበር። ስሙ ሄሮን ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ በሚጠብቅ ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ የተሰየመ። እንደሌሎቹ አይንጣጣም፤ ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንዲት ጥይት ብቻ ትወጣለች፣ የቸኮለ ይስታል። ይህን ለጥሩሰው ስትነግረው ፊቱ ፈካ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። የሚልካን ላፕቶፕ ጓሮ ያስወጣና እዚህ ጋ አቁሚልኝ፣ ከጎን አሳዪኝ ይላታል። ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ከአንድ የግራቪሊያ ዛፍ ግንድ ጠረበው። ከላይ ላለችው ማነጣጠሪያ ከተሰበረ ካሜራ መስታወት አውጥቶ ገጠመላት። ምላጩ ሲሳብ ቀጭ ይላል። ሲሠራ ያንጎራጉር ነበር፤ እኔ ይህ ሰው ማንጎራጎር እንደሚችልም አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ጥፋቱ ቀለሙ ላይ ነው። በአዳራሹ ሕግ የማንኛውም መጫወቻ ጠመንጃ አፈሙዝ ብርቱካንማ መሆን አለበት፤ ሚልካም ጫፉን በገዛ እጇ ቀብታው ነበር። ጥሩሰው አላስቻለውም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የካሮት ቀለም ብሎ በጥቁር ሸፈነው! እሷ በዝግጅቱ ጠዋት ስትጣደፍ ልብ አላለችም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በታክሲ ይዛው ሄደች። በር ላይ ጥበቃዎቹ ሲገልጡት ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ብቻ እግዜር አወጣትና ይዘሽው ተመለሽ ብለው ሸኟት። እያለቀሰች መጥታ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ጣለችለት።

በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ሌቦች በመጫወቻ ሽጉጥ አስፈራርተው አንድ ሱቅ ዘረፉ። ከዚያማ የየግቢው ዘበኛ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሰው ቦርሳ ይበረብር ጀመር። ፖሊስ የየመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመ። ጠመንጃው መውጫ አጣ። እኔ ሰንጥቀውና እሳት ላንድድበት አልኩ። እሺ ይላል፣ ነገ ይላል፣ ከሳንቃዎቹ ኋላ ይደብቀዋል፤ ደግሞ አውጥቶ ይወለውለዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ደሙ ከፊቱ ይሸሻል። አንድ ቀን መረረኝና ምን ሆነሃል አንተ ሰው ብዬ ጮኽኩበት።

"እትዬ የሺ፣ ስልኬን ሳላይ የዋልኩት ይህንን ስሠራ ብቻ ነው" አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? ትቼው ወደ ወጥ ቤቴ ተመለስኩ።

ፖሊሱ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ወጣት ነው፤ ስለ ዝርፊያው ግቢ ለግቢ እየዞረ ይጠይቃል። ሰርቪስ ቤቱ ገባና ሳንቃዎቹን ገለል አደረገ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ጥሩሰው ማንም ሳያዘው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ፖሊሱ ጠመንጃውን ብድግ ሲያደርገው ቀለለው፤ አገላበጠው፣ በማነጣጠሪያው አየና ከት ብሎ ሳቀ። ሄሮን ነው እኮ አለ። ለካ እሱም ጌሙን ይጫወታል! እኔም በደስታ ሳምቡሳ አቀረብኩለት፣ ሻይ ደገምኩለት፣ አብረን ሳቅን።

አፉን ከጠረገ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። እሁድ ሥራ የለኝም፣ መጥቼ እወስደዋለሁ አለ፤ ለጓደኞቼም ሌላ ሁለት ትሠራልኛለህ አለ። ፈገግ እንዳለም ቀጠለ።

"አለዚያ ስደተኛ ቤት ጠመንጃ አገኘሁ ብዬ ሪፖርት ማድረጌ ነው።"

ደሜ ፈላ። ሳምቡሳዬን ከሆዱ ባወጣው በወደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩሰው እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። የሠራሁለትን ምግብ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። ቤቲ ስትደውል ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ልጁን እንኳ ማየት ፈራ፣ አንጀቴን በላው። ሚልካ በእኔ ምክንያት ነው እያለች ትነፈርቃለች። ስጠውና ተገላገል አልኩት፣ እምቢ አለ። ነገሩ ገባኝ። ቢሰጠውና ነገ በዚያ ጠመንጃ ሰው ቢዘረፍ፣ ማን ሠራው ሲባል የሚያዘው እሱ ነው። ሁለቱን ቢሠራ ሌላ ሁለት ይታዘዛል። ባይሰጠው ያው ክስ ነው። እንግዲያው ዛሬውኑ ሰንጥቀው አልኩት።

"ደበቅከው ይለኛል። ሲቆረጥ በዓይኑ ማየት አለበት" አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ፤ እሁድ ሰው ጥሪልኝ አለ።

ሰው መጥራት ለእኔ! ከቅዳሴ የወጣውን ሁሉ ምሳ ብሉ ብዬ ይዤው መጣሁ። ግቢው ከአፍ እስከ ገደቡ ሞላ። ፖሊሱ የሲቪል ልብሱን ለብሶ፣ የመጣበትን ሞተር ታክሲ በር ላይ አቁሞ ገባ። ጥሩሰው እንጨት አጥብቆ የሚያስርበትን ሞርሳ ቀድሞ ግቢው መሃል አውጥቶት ነበር። ጠመንጃውን ታቅፎ ከቤት ሲወጣ ፖሊሱ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ጥሩሰው በአጠገቡ አለፈና ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ አስሮ አጠበቀው። መጋዙን አነሳ።

ሰንጥቀው ሰንጥቀው ስል የከረምኩት ሴትዮ፣ መጋዙ ሲነክሰው አለቀስኩ። ጥቁሩ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ የሚልካ ብርቱካንማ ብቅ አለ። ጥሩሰው አልቸኮለም። አፈሙዙን ቆረጠ፣ ማነጣጠሪያውን ቆረጠ፣ ሰደፉን ለሁለት ከፈለው። ሚልካ በስልኳ ትቀርጻለች፤ እንግዳው ሁሉ ጉርሻውን በእጁ ይዞ ያያል። ፖሊሱ ያንን ሁሉ ዓይን አየ፣ የሚልካንም ስልክ አየ። ጥሩሰው ቁርጥራጩን ሰብስቦ በሁለት እጁ አቀረበለትና በስዋሂሊ ተናገረው።

"አፋንዴ፣ ሳሳ ኒ ኩኒ።"

ጌታዬ፣ አሁን ማገዶ ነው ማለቱ ነው።

ፖሊሱ ጥርሱን ነክሶ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ምሳ ብላ አልኩት። አልበላም። ወጥቶ ሞተሩ ላይ ወጣና ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ይመለስ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፣ አልዋሽም። የካናዳውም ስልክ ገና አልደወለም።

ያን ዕለት እንግዶቹ ሲሸኙ ጥሩሰው ሰጋቱራውን ጠራረገ፣ እጁን ታጠበና ወደ ውጭው በር አመራ። ዘበኛው ምን ይዘሃል ሲለው ባዶ እጁን አሳየው። በሩ ተከፈተለት። ደፉ ላይ ትንሽ ቆም አለና ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ የሺ፣ ዳቦ ልገዛ ነው" አለኝ። "ላንቺም ላምጣ?"