ሦስት ጊዜ አንብቢ ያልኳት ልጅ

የልጅ ልጄን ማንበብ አትችልም ብለው ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር አስቀመጡብኝ። አምስተኛ ክፍል የደረሰችን ልጅ! እኔ ራሴ ፊደል ያስቆጠርኳትን ልጅ! በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

ፍርዱን የሰጠው ደግሞ ሰው አይደለም... ኮምፒውተር ነው።

ዘንድሮ ለከተማችን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር መጣ። ልጆቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጠዋት ንባብ፣ ከሰዓት ሒሳብ ይለማመዳሉ። ጥያቄውን የመለሰ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፣ ያልመለሰ ይወርዳል። የእኔዋ አትጠገብ ወረደች፣ ወረደች... መጨረሻ ላይ «ሀሁ» ላይ አረፈች።

አባቷ፣ ማለት ልጄ፣ ደምበጫ በኩል ገበሬ ነው። ትምህርት ቤት ቅርብ ነው ብሎ ነበር እኔ ጋ ያስቀመጣት። ወሬውን ሲሰማ ደወለ።

«አባ፣ ካልሆነላት ምን ትሠራለች እዚያ? ቅዳሜ ገበያ ስወጣ መጥቼ እወስዳታለሁ። እናቷን ታግዝ» አለኝ።

ከሄደች አትመለስም። ታላቅ እህቷም እንዲሁ «ለጊዜው» ተብላ ሄዳ ነው ከትምህርት የቀረችው።

ሐሙስ ጠዋት ዱላዬን ይዤ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህርቷ ወጣት ናት። ጨዋ ናት፤ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ስሚ ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ታነባለች» አልኳት።

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ከሕፃናት ጋር ምን ትሠራለች?»

«ይምጡ... ራስዎ ይዩት።»

ከአትጠገብ ጀርባ ቆምን። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አጭር ጽሑፍ አለ። ከላይ አንዲት የሥዕል ወፍ ቀስ እያለች ወደ ጎጆዋ ትበራለች፤ ጎጆዋ ስትገባ ጥያቄው ይዘጋል። ልጅቱ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለች ወፏ ገባች። ተዘጋ።

«ሦስት ጊዜ ካላነበብኩ አልመልስም ትላለች» አለች መምህርቷ። «መጀመሪያ ፊደሉን ትቆጥራለች፣ ቀጥላ በዜማ ትጎትተዋለች፣ ከዚያ ነው የምታነበው። ሒሳቡንም ወደ ኋላ ሠርታ ካላረጋገጠች መልሱን አትነካም። እኔ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት... ‹አባባ እንዲህ ነው ያለኝ› ብላ እምቢ አለች። እርስዎ ተይው ቢሏት ግን...»

እኔ ነኝ ያልኳት። ዛሬም እላለሁ። እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም። ንባብን ያገኘሁት የቄስ ትምህርት ቤት አጥር ተደግፌ፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ሲቆጥሩ፣ ሲያዜሙ፣ ከዚያ ሲያነቡ እየሰማሁ ነው። በዚያ መንገድ የያዝኩት አንዱም አልጠፋብኝም። ለወፍ ብዬ የምለውጠው ነገር የለም።

«ተነሺ፣ እኔ ልቀመጥ» አልኳት ልጅቱን።

«አባቴ፣ ይቅርብዎ...»

«ልቀመጥ አልኩ!»

ተቀመጥኩ። በሥርዓቱ ቆጠርኩ። ወፏ ገባች። ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ ቆጠርኩ... ወፏ ገባች። ሌላም መጣ። ማዳመጫው ውስጥ አንድ የሕፃን ድምፅ «አይዞህ ጎበዝ! እንደገና ሞክር!» አለኝ። አንተ አለኝ! በዚህ ሽበቴ! ከዚያ መስታወቱ ላይ አንድ ትልቅ «ሀ» ብቻዋን ቁጭ አለች።

ከጎኔ ያለችው ልጅ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ኧረ እኒህ አባባ ሀሁ ወረዱ! ከእኛ ጋር ናቸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አትጠገብ አልሳቀችም። እጄን ያዘችኝ። «አባባ እንሂድ። ቅዳሜ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ... ግድ የለም» አለችኝ።

ግድ የለም! ከቃሌ ከምትወጣ ከትምህርቷ መውጣትን መረጠች!

ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። አንዴ ብቻ ልሞክር ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ያቺ ወፍ እንድትዘገይልኝ እግዜርን ለመንኩት። ስለት ሁሉ ገባሁ... በዚህ ዕድሜዬ ለሥዕል ወፍ! ወፏ ገባች።

ተነሳሁ።

«አንድ ጊዜ ይበቃል» አልኳት አትጠገብን።

«እ?»

«አንዴ አንብቢና መልሺ። ደግሜ አልናገርም።»

መምህርቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ተቀመጠች። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ብቻ ሄደ... ነካች፣ ወጣች። ነካች፣ ወጣች። ወፏ መንገድ ላይ እየቀረች። ሲስቁ የነበሩት ልጆች መጥተው ከበቧት፤ «በያት! በያት!» ይላሉ። ደወሉ ሲደወል የአምስተኛ ክፍሉን ደረጃ አልፋ ነበር። መምህርቷ እዚያው ለአባቷ ደወለች። «እንግዲያስ ትቆይ» አለ።

ቀረችልኝ። ተመስገን ብያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መሬት አልበቃት አለ። ከፊቴ እየሮጠች ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆም ብላ ጠበቀችኝ።

«አባባ... ቀላል ነበር እኮ!» አለችኝ።

በዱላዬ መንገዱን አሳየኋት። ቀጠልን።

ጨርሻለሁ። አስተያየት የምትጽፉ ጻፉ፣ እኔ አላነበውም። ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ ለማንም አላነሳውም... ለእሷም ቢሆን።