ሁለቱ ሰማያዊ በሮች

አለቃችን አድራሻ የሚባል ነገር አይጽፍም ነበር። ያን ቀንም ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጦ ከአንድ ወላጅ ጋር እያወራ፣ በአንድ እጁ የቢሮውን በር እየቆለፈ፣ በሌላው ባጃጅ እያስቆመ ሥራ ሰጠኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቁልቁል ስትወርጂ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አላቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ ይጠብቁሻል ብሎኝ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ስንት ሰማያዊ በር አለ ብዬ ልጠይቀው ስል አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

የምንሠራው ሰቆጣ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደ ልጆችን ለፈተና የሚያዘጋጅ የግል ድርጅት ውስጥ ነበር። ድርጅት ስል ከአንድ ሻይ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አምስት አስጠኚዎችና አንድ አለቃ ማለቴ ነው። ሰሌዳው ላይ የሳምንቱ ፕሮግራም ተጽፏል፤ የየትኛው ሳምንት እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። እኔ በጂኦግራፊ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቼ የተቀመጥሁ ነኝ፤ እሱ በመጀመሪያው ቀን ፊዚክስ አስጠኚ ብሎ ላከኝ። አልችልም ስለው፣ ጎበዝ አይደለሽ እንዴ፣ አንብበሽ ግቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስታችንን በአንድ ሰዓት አንድ ልጅ ቤት ልኮን እንግሊዝኛ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ በር ላይ ተገናኘን፤ ልጁ ሆዱን ይዞ ሲስቅብን ዋለ። ስብሰባ ይጠራና ራሱ ይቀራል፤ ክፍያውንም ከወላጅ የሚሰበስበው ራሱ ነው፣ ሲያስታውስ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት የእሱን ቢሮ አይተው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሰውየውን መጥላት አይቻልም። ከመካከላችን አንዱ ሐዘን ቢደርስበት ወይም ቢታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ያኔ አድራሻ አይጠፋበትም።

ሰማያዊውን በር አገኘሁትና አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ በአርባዎቹ መጨረሻ ያሉ እናት ናቸው፤ ጌሾ ሲወቅጡ ነበርና እጃቸው ላይ ቅጠሉ አለ። መምህርት ነኝ፣ የስምንተኛ ክፍሉን ተማሪ ላስጠና ነው የመጣሁ አልኋቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መደቡን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጪ አሉኝ። ማን ላከሽ የለ፣ ከየት መጣሽ የለ። በእኛ አገር ደጅ ድረስ የመጣን ሰው ምን ፈለግህ ብሎ መጠየቅ ማባረር ነው፤ ስለዚህ እኔም ምንም አልመሰለኝም። ቆሎ ቀረበ፣ ጠላ ቀረበ። ጠላውን ይቅርታ ብዬ ቆሎውን ስቆረጥም ወደ መጋረጃው ጀርባ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ተጣሩ፤ ልጃቸው ደብተሯን ታቅፋ ወጣች።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ትምህርቷን ስላቋረጠባት ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትበልጣለች፤ በዚህ ታፍራለች። አባቷ ጋዝጊብላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። እናትና ልጅ ለትምህርቱ ብለው ሰቆጣ ገብተው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ጠላ እየሸጡ ይኖራሉ። ይህን የነገረችኝ በሁለተኛው ሳምንት፣ እናቷ ውኃ ሊቀዱ በወጡበት ነው። የአባቷ ቃል ቁርጥ ነው፤ የሰኔውን ክልላዊ ፈተና ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፣ ካላለፈች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ አለ፤ ከውጤቱ በኋላ ኑ ተብሏል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እርሳሷን እየቀረጸች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቤት ሥራዬ መሆኑ ቀረ። ሰዓቴ ካለቀ በኋላም ቁጭ እላለሁ። እንግሊዝኛውና ሳይንሱ ቶሎ ገባት። ሒሳቡ ግን እኔ ጋም የለ፤ ከእሷ አንድ ገጽ ብቻ ቀድሜ ነበር የምሄደው። እናቷ በሩ ላይ ተቀምጠው ጌሾ እየለቀሙ ያዳምጣሉ። የምንለውን ነገር ባያውቁትም ልጅቷ ስትሳሳት ከድምጿ ያውቁባታል፤ እጃቸው ይቆማል። ስታገኘው መልቀሙን ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ልጅቷን ትቼ የእሳቸውን እጅ ነበር የማየው።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብሁ ሳለ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ብርቱካን በፌስታል ይዛ ገባች። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት፤ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። የታመመችው መምህርት የቷ ጋ ናት አለችኝ። መምህርቷስ እኔ ነኝ፣ ግን አልታመምሁም አልኋት። እስከ ክርኔ የሸፈነኝን አረፋ አየች፣ ፊቴን አየች።

«ታይፎይድ የያዘሽ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለች።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የእሷም በር ሰማያዊ ነው፣ ከእነልጅቷ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብሎ። ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አላት። አለቃችን የላከኝ ወደ እሷ ኖሯል! አስጠኚዋ ቀረች ብላ በደወለች ቁጥር አሟት ነው ይላታል፤ መጀመሪያ ጉንፋን፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ይህን ያህል የተኛ ሰው ሳልጠይቅ አንድ ነገር ብትሆን ሰው ምን ይለኛል ብላ ቤቴን አጠያይቃ መጣች። እንደ ተናደደች ከፊቷ ያስታውቃል። ብርቱካኑን ግን ለበሽተኛ ብዬ ያወጣሁትን መልሼ ቤቴ አላስገባም ብላ ደጃፌ ላይ አኖረችው።

አብረን ቢሮ ሄድን። አለቃችን በተአምር ተገኘ። ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያይ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። እኔ ቱግ ብያለሁ። እንዴት ሰው አንዴ እንኳ የት ጠፋሽ አይባልም ብዬ ጮኽሁበት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ የሆነ ችግር ቢገጥማት ነው፣ ብጠይቃት ታፍራለች ብዬ ነው የሸፈንሁላት አለ። ይሉኝታ ይዞት አምስት ሳምንት ሙሉ በሽተኛ አድርጎኝ ከረመ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ፣ ጨነቀኝ። ነጋዴዋ እንኳ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ልጇ እንድመጣ ጠየቀች፤ እውነቷን ነው። አለቃችንም እሺ አላት። እሷ ስትወጣ እኔ ግን በሩ ላይ ቆምሁበት።

«ጋሼ፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ይቺ ልጅ ከወደቀች ትዳራለች። ትቻት ልሂድ?»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ምኑ ነው የሚያስቸግራት ብሎ ጠየቀኝ። ሒሳብ አልሁት።

«እኔ እይዛታለሁ» አለ።

አላመንሁትም። ድርጅቱን ከመክፈቱ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ ማስተማሩን በወሬ አውቃለሁ፤ ግን የገዛ ስብሰባውን የሚረሳ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ሦስተኛ ሰማያዊ በር ፈልጎ እንዳይገባ ራሴ በሩ ድረስ ወሰድሁት። ለእናትየው ስህተት ተፈጥሮ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስጠናት እሱ ነው አልኋቸው፤ እፍረቴ ሌላ ነው። ምን ስህተት ብለው አልጠየቁኝም። እሺ ብቻ ብለው መደቡን ጠረጉለት።

በሳምንቱ ከነጋዴዋ ቤት ስወጣ ጎራ ብዬ አየሁት። የቤቱን በር ከውስጥ ሰሌዳ አድርጎታል፤ ቆርቆሮው ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ተሞልቷል። ስልኩን አጥፍቶታል! ልጅቷ ስትሳሳት አይናገራትም፤ እስቲ እንዴት እንዳገኘሽው አሳዪኝ ብሎ ይጠብቃታል፣ እሷም መሃል ላይ ስትደርስ ስህተቷን ራሷ ታገኘዋለች። እናትየው ጌሿቸውን እየለቀሙ ነው፤ እጃቸው አይቆምም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሥር ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ደጅ ይቆም ነበር። በዚያው ልክ ቢሮው ተዘግቶ ይውላል፣ ወላጅ ይደውላል፣ የሚያነሣ የለም፣ ፕሮግራሙ ከድሮውም ብሶ ተዘበራረቀ። እንደ አስተዳዳሪ እንደዚያ ሰሞን የባሰበት ጊዜ የለም፤ እኔም እንደዚያ ሰሞን የወደድሁት ጊዜ የለም።

ውጤቱ ክረምት ላይ ተነገረ። የነጋዴዋ ልጅ አለፈ። ልጅቷም አለፈች፤ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ገና ትማራለች ተብለው ተመለሱ።

በማግሥቱ እናትየው ዝናቡ ውስጥ አንድ እቃ ማር በነጠላቸው ሸፍነው ቢሮ መጡ። አለቃችን እንደ ልማዱ የለም። ማሩን ለሁለታችሁ ነው ብለው ሰጡኝና ተቀመጡ። የሚሉት ነገር እንዳለ ያስታውቃሉ።

«በሦስተኛው ቀን አውቄ ነበር» አሉኝ።

ምኑን አልኋቸው። ቦኖ ላይ ውኃ ወረፋ ይዘው ሳለ የነጋዴዋ ሠራተኛ አስጠኚ ጠፋብን ብላ ስታማርር ሰምተዋል። ሰማያዊ በር፣ ስምንተኛ ክፍል፣ አሥር ሰዓት፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ዝም አይነቅዝም ብለው ጀሪካናቸውን ሞልተው ተመለሱ። ብጠይቅሽ ትሄጂ ነበር አሉኝ። በኋላ ግን የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው፣ አባቴ፣ አስተማሪ ሰርቄአለሁ ብለው ተናዘዙ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቄሱ ፈተናው አለቀ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ገና ነው ሲሉ፣ እንግዲያው ሲያልቅ ነይ፣ ቀኖናሽን ያኔ እሰጥሻለሁ ብለው ሸኟቸው።

«ሰጡዎት?» አልኋቸው።

«አርባ ስግደት። ጨረስሁት» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

ለመሄድ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዝናቡን ትንሽ አዩና ተመልሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ግን ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አልተጸጸትሁም። እሱን ለንስሐ አባቴ አልነገርኋቸውም።»