በርበሬው ላይ የፈሰሰ ውሃ

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የግጭት መንስኤዎችን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ በተራ ቁጥር እዘረዝርላችኋለሁ፦ የሀብት እጥረት፣ የፍትሕ መጓደል፣ የመልካም አስተዳደር እጦት፣ ወዘተ። ለፈተና የሚመጣው እሱ ነው። ስለ በርበሬ የሚያወራ ምዕራፍ ግን መጽሐፋችን ውስጥ የለም።

የምኖረው ኮተቤ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ከአንደኛ ፎቅ በላይ ለመውጣት ጉልበት የለውም። ስለዚህ በውሃ ቀን እኛ ላይ ያለነው ከየበረንዳችን ገመድ እንለቃለን፣ ታች ያሉት ከቧንቧቸው ጀሪካን ሞልተው ያስሩልናል፣ እኛ እንጎትታለን። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ሕግ ነበር። የእኔን ገመድ የሚይዙልኝ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ጭነት ሲያስሩ ስለኖሩ ቋጠሯቸው በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል፤ ሲፈታ ግን አንድ ሳብ ማድረግ ይበቃዋል። "ሳብ መምህር" ይሉኛል፣ እስባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አብረን ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው የእንጦጦ ተራራ እንወጣለን፤ እሳቸው ለስኳራቸው፣ እኔ ለጨዋታቸው። ሚስት የለኝም፣ ዘመዶቼም ሩቅ ናቸው። በዚህ ከተማ የእኔ የምለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ የውሃ ቀን፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ክዳኑ በደንብ ያልጠበቀ ጀሪካን ስትጎትት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተገለበጠባት። ታች አንዲት ባለ ሱቅ በርበሬዋን ሸራ ላይ አስጥታ ነበር። ውሃው አንድም ጠብታ ሳይባክን እዚያ ላይ ወረደ። "ውይ፣ ይቅርታ" ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ "ሰው ውሃ በሚጎተትበት ሥር በርበሬ ያሰጣል?" አለች። ባለ ሱቋም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ድሮም እናንተ ላይ ያላችሁት ታች ሰው ያለ አይመስላችሁም" ብላ መለሰች። አንዲት ሴት ያፈሰሰችውን ውሃ ለሦስት ፎቅ ሕዝብ አካፈለችው። እኔ በረንዳዬ ላይ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር፤ ድርሻዬ እዚያው ደረሰኝ።

በሚቀጥለው የውሃ ቀን ገመዶቻችን እንደ ወትሮው ወረዱ፤ የሚያስር ግን አልተገኘም። የእኛም ወገን ዝም አላለም። የሁሉም ዲሽ ያለው ጣሪያ ላይ ነው፣ የጣሪያው በር ቁልፍ ያለው ደግሞ አራተኛ ፎቅ። ቁልፉ ጠፋ ተባለ። ንፋስ የታችኞቹን ዲሽ አዙሮባቸው፣ ትልቅ የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ቅዳሜ ቴሌቪዥናቸው ሲግናል የለም ሲል ዋለ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ገለልተኛ ነን ብለው አወጁ፤ በዚህም የሁለቱንም ወገን ጥላቻ አተረፉ። የቴሌግራም ግሩፓችን ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ታሪክ መጣ። ታችኞች ከጥንት ጀምሮ ስስታም መሆናቸውን አንዱ ግሩፕ ላይ፣ እኛ ላይኞች ከጥንት ጀምሮ ትዕቢተኞች መሆናችንን ሌላው ግሩፕ ላይ አነበብን። ጥንት የሚባለው ቤቱን ከተረከብን ወዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ገና አልተላጠም። ፎቁንም ቢሆን ያገኘነው በዕጣ ነው። ባለ ሱቋ ራሷ የደረሳት አራተኛ ፎቅ ነበር፣ እናቷ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ተለዋውጣ ነው የወረደችው። ይህን የሚያስታውስ ጠፋ። በዕጣ የደረሰን ፎቅ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ርስት ሆኖ አረፈው።

ጋሼ ግን ለተወሰነ ጊዜ ማሰራቸውን አልተዉም። "ወትሮስ ሳስር የነበረው ጀሪካን አይደል?" ይሉ ነበር። ቆይቶ ታች ያሉት የላይኞች ተላላኪ አሏቸው። ላይ ያሉት ደግሞ እኔን "ለእነሱ ራስህን አታዋርድ" አሉኝ። አንድ ቅዳሜ በራቸውን ሳንኳኳ ጋሼ ገርበብ አድርገው ከፈቱና "ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል" አሉኝ። ጉልበታቸው ከእኔ ጉልበት እንደሚሻል ሁለታችንም እናውቃለን። ለብቻዬ ወጣሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደብሮኝ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ሽማግሌ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉና ሥሩን እንዳሳይ እኔን አስነሱኝ፤ ሙያዬ ነው። መንስኤዎቹን እንደ ክፍል ውስጥ ዘረዘርኩ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገልኝ። ታችኞቹ የፍትሕ መጓደልን ይዘው ወጡ፣ ላይኞቹ ደግሞ የሀብት ክፍፍልን። ከዚያ በፊት የሚሰዳደቡት በተራ ቃል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በምዕራፍ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ሽሮ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የባንክ ሠራተኛዋና ባለ ሱቋ አንድ ከረጢት በርበሬ ግራና ቀኝ ይዘው ተሰልፈው ይሳሳቃሉ። ለካ የባንክ ሠራተኛዋ በነጋታው ወርዳ ይቅርታ ጠይቃለች፣ የበሰበሰውን ለቅመው የቀረውን አብረው አድርቀውታል።

"ታዲያ ለሰው አትናገሩም?" አልኳቸው።

"ነገርናቸው እኮ" አለች ባለ ሱቋ። "እናንተ በዚህ ነገር አትግቡ አሉን።"

የተጣሉት ታርቀው ጠቡ ለእኛ ቀረ።

ላይኞች አዋጥተን መገናኛ ካለ ሱቅ ፓምፕ ገዛን። አሁን ውሃ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ፓምፑ ሲነሳ ታች ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ነው የሚተፋው። ግሩፓችን ላይ የርችት ምስል ተለጠፈ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባባልን።

ባለፈው የውሃ ቀን ከበረንዳዬ ቁልቁል ስመለከት ጋሼ ባዶ ጀሪካን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም። አንድ ጀሪካን ሞልቼ፣ አቧራ የጠጣውን ገመዴን ከተሰቀለበት አወረድኩ። እሳቸው ሲያስሩ እንዳየሁት አስሬ ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። እግራቸው ሥር አረፈ።

"ይፍቱት ጋሼ" አልኩ።

ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ዳሰሱት። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብለው በግራና በቀኝ ያሉትን መስኮቶች አዩ።

"ሳብ መምህር" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰዎቼ ያዩኛል።"

ያን ሁሉ ጊዜ እንጦጦን አብረን ስንወጣ "ሰዎቼ" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሳብኩ። ቤቴ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ውሃ ሞልቶታል፤ ጀሪካኑን የምገለብጥበት አጣሁ።